ስምንት የአሉሚኒየም በቅሎዎች ወደ መካነ ሰላም

ደሴ መናኸሪያ፣ ማለዳ

ከደሴ ስነሳ ጭኔ ላይ ባቀፍኩት ካርቶን ውስጥ ስምንት በቅሎዎች ነበሩ። ረዳቱ ካርቶኑን ከላይ ልጫነው ቢለኝ እንቢ አልኩ።

"ምን ይዘሽ ነው እህቴ? እንቁላል ነው?"

"በቅሎ ነው።"

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ረዳቱም "በይ መንገድ ላይ ሣር አምጡ ብላ እንዳታስቸግረን" ብሎ በሩን ዘጋው። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ ያልኩት እውነት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት መዳፍ የሚያክሉ፣ ልጓም የጎረሱ፣ ጆሯቸውን ያቆሙ የአሉሚኒየም የበቅሎ ራሶች ናቸው። መካነ ሰላም ውስጥ በስምንት ሚኒባሶች ግንባር ላይ ሊለጠፉ ነው የሚሄዱት። የምለጥፋቸውም እኔው ነኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ማኅተምና የበር ላይ የስም ሰሌዳ እቀርጻለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው፤ ልቤ ግን የመኪና ዓርማ ላይ ነው። ሰው ለመኪናው የራሱን ምልክት ሠርቼ ስሰጠው ደስታዬ ወሰን የለውም። ችግሩ እስከ ዛሬ የሠራሁት ለዘመድና ለጎረቤት በነጻ መሆኑ ነው። ልብስ ሰፊው ወንድሜ ክፍሉን ከእኔ ጋር ይጋራል፤ የዓርማ መሥሪያ ጠረጴዛዬን ባየ ቁጥር ሁለተኛ የስፌት መኪና እዚያ ቦታ ላይ ይታየዋል። በመጨረሻ ተስማማን። ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ ትእዛዝ ከተሳካ ጠረጴዛው የእኔ ነው፤ ካልተሳካ የስፌት መኪናው ይገባል፤ እኔም ወደ ማኅተሜ እመለሳለሁ። እጁን መትቼ ቃል ገብቻለሁ።

ትእዛዙን ያመጣልኝ ይመር የሚባል የመካነ ሰላም ሾፌር ነው። ስምንት ባለ ሚኒባሶች ማኅበር መሥርተው ስለነበር ማኅተም ሊያሠራ መጥቶ፣ ለአጎቴ ታክሲ የሠራሁትን ዓርማ ግድግዳዬ ላይ በፎቶ አየው። ለማኅበራቸው መኪኖች የበቅሎ ራስ እንድሠራላቸው ጠየቀኝ።

"በእኛ መንገድ ሰው ከከላላ መካነ ሰላም የሚመጣው በበቅሎ ነበር። አሁንም መኪና በማይገባበት በኩል እሷው ናት ያለችው። እኛ እኮ የሷን ሥራ ነው የተቀበልነው" አለኝ።

መጀመሪያ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ጠይቆ ነበር። ነጋዴው ፋብሪካው ከአምስት መቶ በታች አይሠራም አለው። "ስምንት መኪና ይዘን አምስት መቶ በቅሎ ምን እናደርጋታለን? ሣሯንስ ማን ይችለዋል?" እያለ ይመር እስኪያልበው ሳቀ።

ጉጉፍቱ፣ በጭጋግ ውስጥ

ሚኒባሱ ዳገቱን ጨርሶ ጉጉፍቱ ሲደርስ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። ግንቦት ነው፤ ግን ለጉጉፍቱ ወር ማለት ምንም አይደለም፤ ሁልጊዜ ይበርዳል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ጥሩምባ እየነፋ ቀስ አለ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ መምህር "በቅሎዋን አሳዪኝ እስኪ" ስላለኝ አንዷን ከጨርቋ ፈትቼ ሰጠሁት። እንዴት እንደተሠራች ጠየቀኝ። እኔን ስለ ዓርማ መጠየቅ ማለት ግድብ መክፈት ነው፤ እስከ አቀስታ ድረስ አላቆምኩም።

በትንሽ ቁጥር፣ በርካሽ ዓርማ ለመሥራት ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ ስቲከር አሳትሜ ላዩ ላይ መስታወት የሚመስል ሙጫ አፈሰስኩበት። ሲደርቅ ጎበጥ ብሎ ያብረቀርቃል፤ ለማየት ሸጋ ነው። ፀሐይ ላይ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ግን ቢጫ ሆነ፤ ጠርዙም ተነሳ። ቀጥሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሄጄ ጥቁርና ብርማ ፕላስቲክ በጨረር አስቆርጬ ደራረብኩት። ለአንድ ለሁለት ዓርማ ከዚህ የሚረክስ የለም፤ ነገር ግን የበቅሎዋ ጆሮ ቀጭን ነውና ገና ስወለውለው ቀጭ አለ። ሦስተኛው፣ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ከኮምፒውተር ላይ ፕላስቲክ እየደረበ በሚያትም ማሽን አሠርታ የላከችልኝ ነው። እሱስ ልቤን ወስዶት ነበር! የአጎቴ ታክሲ ላይ ለጠፍኩት፤ የሞተሩ ሙቀትና የቀትሩ ፀሐይ ተባብረው ጆሮዋን ቆለመሙት። አጎቴ "በቅሎ ብለሽ ውሻ ሰጠሽኝ" አለኝ።

መላው የመጣልኝ ያኔ ነው። ፕላስቲኳ መኪና ላይ ባትሆንም ለቅርጽ ማውጫ ትሆናለች። ደሴ ዳር አሮጌ ፒስተንና የተበሳ ድስት እያቀለጡ አዲስ ድስት የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እነሱ ጋ ሄጄ ፕላስቲኳን እርጥብ ደቃቅ አሸዋ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ አውጥተን፣ በቦታዋ የቀለጠ አሉሚኒየም አፈሰስን። የመጀመሪያዋ ተበላሸች፤ ጠርዟ ቀጥ ያለ ስለነበር ስትወጣ አሸዋውን ይዛው ወጣች። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ዘመም አደረግሁት። ሁለተኛዋ ጥርሷ ሳይቀር ወጣች። አሸዋው ሲቀዘቅዝ ከፍተን ያየናት ጊዜ እልል ብዬ ሠራተኞቹን አስደነገጥኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጎድጓዳው ላይ ጥቁር ቀለም፣ ከላይ መወልወል ብቻ ነው። አሸዋው ፈርሶ እንደገና ይጠቀጠቃል፤ ስለዚህ አንድም ቢሉኝ አንድ፣ ስምንትም ቢሉኝ ስምንት እሠራለሁ። የአንዷ ወጪ ከአንድ ጥብስ ምሳ አይበልጥም።

"ታዲያ በምን ታጣብቂያታለሽ?" አለኝ መምህሩ በቅሎዋን እየመለሰልኝ።

ይህንንም በኩራት ነገርኩት። ባለ መኪኖቹ ቆርቆሯቸው እንዲበሳ አይፈልጉም፤ ቀዳዳ ዝገት ይጠራልና። ስለዚህ በሁለት ፊቱ የሚይዝ ወፍራም የመኪና ማጣበቂያ ገዛሁ። የአጎቴ ታክሲ በር ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በውሃ ግፊት ብትታጠብ፣ በጥፍር ብትፈለቀቅ ንቅንቅ አላለችም። መምህሩ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ እኔም የሚቀረኝ ነገር እንደሌለ እርግጠኛ ሆኜ ካርቶኔን ዘጋሁ።

አቀስታ ለምሳ ወረድን። የገብስ እንጀራ በምስር በልቼ ሻይ ደገምኩ። ዋጋው ከደሴ ቅናሽ አለው፤ ምስሩም በርበሬ አልተሰሰተበትም። ከአቀስታ ወዲያ ጭጋጉ ተገለጠና ደጋው ሜዳ ተዘረጋ። በሁለቱም በኩል የታረሰ ጥቁር መሬት፣ የድንጋይ ካብ፣ ቁልቁል ወደ ሸለቆ የሚጠፉ የእግር መንገዶች ይታያሉ። ከመስኮቱ ዓይኔን አልነቀልኩም።

መካነ ሰላም፣ የእትዬ ዘርፌ ግቢ

ይመር መናኸሪያ ጠብቆኝ ወደ እናቱ ቤት ወሰደኝ። እናቱ እትዬ ዘርፌ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ከአጥር ውጪ የሚሰማ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ የማኅበሩ መኪኖች ሁሉ የሚያድሩት እዚያው ነው፤ ሾፌሮቹም ሁሉ "እማ ዘርፌ" ይሏቸዋል።

"መርሐባ ልጄ! እንኳን ደህና ገባሽ። ብርዱ ጎዳሽ? አብሽሪ፣ እሳት አለ" ብለው ተቀበሉኝ። መስቀል አንገታቸው ላይ አለ፤ መርሐባቸው ደግሞ የእናቴን ይመስላል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ነው።

ካርቶኑን ስከፍት እትዬ ዘርፌ አንዷን በቅሎ አንስተው ወደ ብርሃን አዞሯት።

"በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። የዚች አባት ማነው?"

"አባቷ አሮጌ ፒስተን፣ እናቷ የተበሳ ድስት ናት" አልኳቸው።

"እሰይ! ይቺስ ከእውነተኛዋ ትሻላለች፤ አባቷን አልደበቀችም" ብለው ሳቁ።

ሾፌሮቹም አንድ አንድ እያሉ መጥተው አዩ። ከሁሉም ዝም ያለው አራጋው ነበር። በማኅበሩ ውስጥ ስቲከር ይበቃናል ብሎ የተከራከረ እሱ እንደሆነ ይመር አስቀድሞ ነግሮኛል። በቅሎዋን በእጁ መዘን አደረጋትና "ቆንጆ ናት። ግን መንገዳችንን አላየሽውም" አለኝ። ነገ የከላላ ገበያ ነው። ዓርማዎቹ ጠዋት ይለጠፋሉ፤ መኪኖቹ ሄደው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ማኅበሩ ይቀበል እንደሆነ ይወስናል። የእኔና የወንድሜ ውል ነገ ይፈታል ማለት ነው። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ወደ ከላላ

ጎህ ሲቀድ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። የመኪኖቹን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፣ በደረቅ ደገምኩ፣ ለካሁ፣ አንድ በአንድ ለጠፍኩ። በየአንዳንዷ ላይ መዳፌን ጭኜ በልቤ ቢስሚላህ እያልኩ ተጫንኳት። ስምንቱ መኪኖች ተሰልፈው በቅሎዎቹ በጠዋት ፀሐይ ብልጭ ሲሉ ማልቀስ ቃጣኝ። ይመርም "ማሻአላህ፣ ሰው መሰልን እኮ!" እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል።

የተሳፈርኩት በይመር መኪና ነው። ገና ከከተማው ወጥተን ጠጠሩ መንገድ ላይ ትንሽ እንደሄድን አንድ ነገር ቋ ብሎ ከሥር ወደቀ። ይመር ቆመ፤ ወርጄ አየሁ። በቅሎዋ መንገዱ ላይ ተጋድማ ሰማይ ታያለች። መልሼ ለጠፍኳት። ቀና ስል ከፊታችን ያለው መኪና ቆሟል፤ ረዳቱ ተደፍቶ መንገድ ላይ ይፈልጋል። ከኋላችን ያለውም ቆመ። ከላላ እስክንደርስ ያልወደቀች በቅሎ አልነበረችም። ደግነቱ አንዷም ጠፍታ አልቀረችም፤ የመጨረሻዋን ያገኘች ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት ከሽንኩርቷ ጋር ቅርጫት ውስጥ አድርጋ አመጣችልን።

አራጋው የሱን በቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አልተሳለቀም፤ "አይዞሽ" ነው ያለኝ። ያ ደግሞ ከስድብ ባሰብኝ።

ጥፋቱ የብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ። ማጣበቂያ ብርድ ላይ በደንብ አይዝም፤ ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ገበያው ዳር ካለች ሻይ ሻጭ የፈላ ውሃ ለምኜ በቅሎዎቹን አሞቅኋቸው፣ ማጣበቂያውን ቀየርኩ፣ ፀሐይ ላይ በቆሙት መኪኖች ላይ እንደገና ለጠፍኩ። እፎይ ብዬ ዞር ሳልል የይመር መኪና በቅሎ እየተንሸራተተች ቁልቁል ወረደች። ተንሸራተተች! ማጣበቂያ ይላቀቃል እንጂ አይንሸራተትም።

ያኔ ዝንቦቹን አየሁ። በይመር መኪና ግንባር ላይ፣ በመካከሉ፣ አንድ ክምር ዝንብ። የሚቀጥለው መኪና ላይም በዚያው ቦታ። ስምንቱም ላይ። ጣቴን አሳርፌ አሸተትኩት፤ ቅቤ ነው። የለጋ የደጋ ቅቤ።

"ይመር! መኪናው ላይ ቅቤ ምን ይሠራል?"

ይመር አንገቱን አከከ። "እማ ናት። ትናንት ማታ አንቺ ልትተኚ ከገባሽ በኋላ። ዓርማ ሊደረግላቸው ነው ብያት፣ ሙሽራ ሳይቀባ አይወጣም ብላ ስምንቱንም ግንባራቸውን ቀባቻቸው። በጨርቅ ጠርገሽዋል ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።"

ለካ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ቅቤውን ደህና አድርጌ ሳዳርሰው ኖሯል! ሳቅም ንዴትም እኩል መጣብኝ፤ ሳቁ ቀደመ። ችግሩ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው መስሎኝ ቤንዚን ፈልጉልኝ አልኩ። ግንባራቸውን በቤንዚን ካጠብኩት ማጣበቂያው እንደ አጎቴ ታክሲ በር ይይዘዋል።

ሾፌሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የተናገረው አራጋው ነው።

"የእማ ዘርፌን ምርቃት በቤንዚን ልታጥቢው ነው?"

"ኧረ በሞቴ፣ ይህን እንዳትሰማ" አለ ይመር። "ደግሞ ብታጥቢውም ዋጋ የለውም። እማ ለየበዓሉ ትቀባለች። ክረምት ሲገባ ትቀባለች። ሩቅ መንገድ ስንሄድ ትቀባለች። መኪናዎቹ እዚያ ግቢ እስካደሩ ድረስ ይቀባሉ።"

አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ማጣበቂያ አይሆንም፤ ዛሬም፣ ከዓመት በኋላም አይሆንም። ቆርቆሮውን መብሳት አይፈቀድም። ከደሴ ድረስ በኩራት የተሸከምኩት ሥራ በአንድ ጭልፋ ቅቤ ተሸነፈ። ጠረጴዛዬ ላይ የስፌት መኪና ተቀምጦ ታየኝ።

ከፊቴ የገበያተኛው በቅሎዎች ታስረው ቆመዋል። አንዷ ግንባሯ ላይ የናስ ጌጥ አለባት፤ ራሷን ስትወዘውዝ ጌጡ አብሮ ይወዛወዛል፣ ግን አይወድቅም። ተነስቼ ሮጥኩ። ራሷን ይዤ ጌጡን ገለበጥኩት።

"አንቺ! ምን ፈለግሽ ከበቅሎዬ ራስ?" ብሎ ባለቤቷ ዱላውን ይዞ መጣ።

"ጌጧ በምን እንደተያዘ ነው የማየው!"

"በምን ይያዛል? ከልጓሙ ጠፍር ጋር ነዋ የታሰረው። ግንባሯ ላይ ልትቸነክሪው ኖሯል?"

ሰውየውን ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ጌጡ በቅሎዋን አይነካም፤ የያዘው ልጓሙ ነው። የመኪናው ልጓም ደግሞ የፊቱ ፍርግርግ ነው! ፍርግርጉ ላይ ቅቤ የለም፤ ቢኖርም ብሎን ቅቤ አይፈራም፤ ቆርቆሮም አይበሳም። ይመርን በሩቁ እየጠራሁ በገበያው መካከል ስሮጥ ሽንኩርት የሚሸጡት ሁሉ ቆመው አዩኝ።

መካነ ሰላም፣ ጋራዥና ግቢ

ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ተመልሰን ጋራዥ ገባን። በየበቅሎዋ ላይ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፤ አንዱን ከጆሮዋ ሥር፣ አንዱን የልጓሙ ቀለበት ባለበት። ቀዳዳዎቹ ከቅርጹ ጋር ስለሄዱ ድሮም የታሰቡ ይመስላሉ። ከኋላ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ብረት መጣ፤ ፍርግርጉ በበቅሎዋና በብረቱ መካከል ይገባል። እንዳይንቀጫቀጭ የጎማ ቁራጭ ጣልኩበት፤ መንገዱ እንዳይፈታው በየብሎኑ ላይ ሁለት ሁለት ዳዶ አሰርኩ። የመጀመሪያዋ ስትታሰር ይመር በሁለት እጁ ይዞ ጎተታት። መኪናው ተነቃነቀ፤ እሷ አልተነቃነቀችም።

የቀረው ከባዱ ነገር ለእትዬ ዘርፌ መንገር ነበር። ሾፌሮቹ ሁሉ አፈገፈጉ፤ ነገሩ የእኔ ሆነ። ግቢ ገብቼ ከጎናቸው ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ድምፃቸው ከአጥር የሚያልፈው ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔ ነኛ የጣልኳቸው" አሉ።

"እርስዎ አይደሉም እትዬ። እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የመጣሁት።"

"ከእንግዲህ አልቀባም። የልጆቹን ሥራ ላበላሽ?"

"አይሆንም! አሁኑኑ ይቀቡልኝ። በቅሎዎቹንም ጭምር። ቅቤ ከጣላቸው ዛሬ እዚሁ ይውደቁና ልየው።"

ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ፈካ። ገብተው ቅቤውን በቅል ይዘው ወጡ። በየመኪናው እየቆሙ ግንባሩንም በቅሎዋንም ቀቡ፣ የጆሮዋን ጎድጓዳ በአውራ ጣታቸው ሞሉት። "ዱብ ዕዳን ይያዝላችሁ። ወጥታችሁ ግቡ። የሰው ሕይወት የያዛችሁ ናችሁና ዓይናችሁን ያብራላችሁ" እያሉ መረቁ። ሾፌሮቹ ግማሹ አሜን፣ ግማሹ አሚን አለ። እኔ ቆሜ የማለቅሰው በምርቃቱ ይሁን በብሎኑ መያዝ አላውቅም።

በማግስቱ፣ መናኸሪያው

ማኅበሩ ፈተናውን አከበደው። አራጋው "ከላላ ብቻ አይበቃም" ብሎ መኪኖቹ በየአቅጣጫው ወጡ፤ እሱ ራሱ ሩቁን፣ የደጎሎን መንገድ መረጠ። እኔ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ቀን ላይ ዝናቡ መጣ፤ ደህና ዝናብ ነው። ቆሎ ገዝቼ መብላት አቃተኝ፤ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ሰጠሁት።

አንዱ መጣ፤ በቅሎዋ አለች። ሌላው መጣ፤ አለች። ይመር ጥሩምባውን እየነፋ ገባ፤ አለች። ሰባቱ ሲሞሉ ሾፌሮቹ ሻይ እየጠጡ እጄን ይጨብጡኝ ጀመር። እኔ ግን ዓይኔ መግቢያው ላይ ነው። አራጋው አልመጣም፤ ማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ቃሉ የሚከብደው እሱ ነው።

ሊመሽ ሲል መጣ። መኪናው እስከ መስታወቱ ድረስ ጭቃ ለብሷል፤ ከፊቱ ጥቁር ጭቃ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። አራጋው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ወደ ፊት ዞረና በኮቱ እጅጌ ጭቃውን ጠረገ። አንድ ጆሮ ወጣ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ልጓሙ፣ አፍንጫዋ፣ ቅቤውም ሳይቀር ከጎድጓዳው ውስጥ እንዳለ።

"ዱላ ነው የበላችው" አለ። "ወንዝ ተሻግራለች፣ ጉድጓድ ገብታለች። ስቲከር ቢሆን ኖሮ አሁን ውሃው ወስዶት ነበር።" ወደ እኔ ዞር ብሎ ቀጠለ፤ "ለኋላ በሩም አንድ ትንሽ በቅሎ ጨምረሽ ትሠሪልኛለሽ? ከኋላ የሚመጣውም ይያት እንጂ።"

እልል አልኩ። መናኸሪያ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ደግሞም አላፈርኩም።

ደሴ፣ ቤት

በአራተኛው ቀን ባዶ ካርቶን ይዤ ተመለስኩ። ወንድሜ ስገባ ፊቴን አይቶ ሳልነግረው ገባው። "የስፌት መኪናዬ ቀረ ማለት ነው" አለ፤ እየሳቀ ነው ያለው።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በአጭሩ ልናገር። በርካሽ እንዴት እንደሚቀለጥ፣ እንደሚቀረጽ፣ እንደሚወለወል አውቅ ነበር፤ ዕቃው የሚገባበትን ቤት ግን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። ፋብሪካው አምስት መቶ ሲሠራ የማንንም ግቢ አያይም። እኔ የምሠራው ስምንት ስለሆነ የስምንቱንም ግቢ መጠየቅ እችላለሁ። የትንሽ ሥራ ጥቅሙ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አይሱዙ ያለው ሰው በሬ ላይ ቆመ። ከይመር ሰምቶ ነው የመጣው።

"አንድ ብቻ ነው የምፈልገው። ለአንድ ትሠሪያለሽ?"

"ለአንድም እሠራለሁ፤ ግባ ተቀመጥ። ቅርጹን በኋላ እናወራለን። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፤ መኪናህ ከቤት ሲወጣ ማን ነው የሚመርቅልህ? በምንድን ነው የሚመርቅልህ?"

ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። ቀጥሎ ፈገግ አለ።

"አባቴ ነው። ጠላ በአፉ ይዞ እፍ ይልበታል። በምን አወቅሽ?"

ሻይ ቀዳሁለትና ትንሽ እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። ከዚያ ቀለሙ ጠላ ይችል እንደሆነ ልሞክር ብዬ አንድ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ቁራጭ ይዤ ወጣሁና የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ፤ ሰዓዳ በጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ጠላ ለመነች ብሎ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።